አዲስ ሜታል ዲቴክተር ለቨርጂኒያ አፈር፦ የእርስ በርስ ጦርነት ቅርስ ለሚፈልግ ጀማሪ ዝርዝር መመሪያ

በሰሜን ቨርጂኒያ የሚኖር አበሻ ብዙ ጊዜ ሳያውቀው በድሮ የጦር ሰፈር ላይ ነው የሚኖረው። ከ1861 እስከ 1865 በተካሄደው የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት አሌክሳንድሪያ ገና በግንቦት 1861 በሰሜኑ ጦር ተያዘች፤ ዋሽንግተንን የሚጠብቁ ምሽጎችም በዙሪያዋ ተሠሩ። ሴንተርቪል የደቡቡ ጦር የ1861–62ን የብርድ ወራት ያሳለፈባት ናት። ማናሳስ ላይ ሁለት ትልልቅ ውጊያዎች ተደርገዋል። ወደ ደቡብ ምዕራብ ወረድ ሲባል፣ በብራንዲ ስቴሽንና በከልፔፐር አካባቢ፣ የሰሜኑ የፖቶማክ ጦር የ1863–64ን ብርድ በእንጨት ጎጆ ሰፍሮ አሳልፏል። የእርሳስ ጥይት፣ የናስ የልብስ ቁልፍ፣ የቀበቶ ዘለበት፣ የፈረስ ጫማ ዛሬም ከዚያ መሬት ይወጣል።

ሜታል ዲቴክተር የገዛ ሰው ግን በማግስቱ እዚያ መሮጥ የለበትም። መሣሪያው የሚነግራችሁ የዕቃውን ማንነት አይደለም፤ ኤሌክትሪክ ምን ያህል እንደሚያስተላልፍ፣ መጠኑና ጥልቀቱ ምን እንደሚመስል ብቻ ነው። ያንን ወደ «ጥይት» ወይም «ቆርኪ» የሚተረጉመው የእናንተ ጆሮ ነው። ጆሮ ደግሞ የሚሠለጥነው የሚጠፋ ነገር በሌለበት ቦታ ነው። ከአሮጌ መሬት አንድ ጊዜ ተቆፍሮ የወጣ ነገር ወደ ነበረበት አይመለስምና ስልጠናው ጓሮ ውስጥ ይጀመር።

ከሁሉ በፊት፦ የት መፈለግ ይቻላል?

ማናሳስ፣ ፍሬደሪክስበርግና ፒተርስበርግን የመሳሰሉት በብሔራዊ ፓርክ አገልግሎት ሥር ያሉ የውጊያ ሜዳዎች ክልክል ናቸው። መፈለግ ብቻ አይደለም፤ ለሥራ ዝግጁ የሆነ ዲቴክተር ይዞ መገኘትም ያስጠይቃል። በፓርኩ መንገድ የምታልፉ ከሆነ መሣሪያው ተፈታትቶ ወይም ታሽጎ መኪና ውስጥ ይቀመጥ። በ1979 የወጣው የአርኪዮሎጂ ሀብት ጥበቃ ሕግ ደግሞ ከፌዴራል መሬት ከ100 ዓመት በላይ የሆነውን ታሪካዊ ቅርስ ያለ ፈቃድ ማውጣትን በገንዘብና በእስር ይቀጣል። የቨርጂኒያ ስቴት መሬትም ፈቃድ ይጠይቃል። የካውንቲና የከተማ ፓርኮች የየራሳቸው ደንብ አላቸው፤ ከመሄዳችሁ በፊት ደውላችሁ ጠይቁ።

የሚቀረው የግል መሬት ነው፤ እሱም በባለቤቱ የጽሑፍ ፈቃድ። ወረቀቱ ላይ የባለቤቱ ስምና ፊርማ፣ የመሬቱ አድራሻ፣ ፈቃዱ የሚጸናበት ጊዜ፣ የተገኘው ዕቃ የማን እንደሚሆንና ጉድጓድ ሁሉ እንደሚደፈን ይጻፍ። ተከራይ ገበሬ ፈቃድ የመስጠት ሥልጣን ላይኖረው ይችላል። የሠፈር ማኅበር (ኤችኦኤ) የጋራ መሬትም፣ ቤታችሁ እዚያው ቢሆንም፣ የእናንተ ብቻ አይደለም።

በሌላ አገር የምታነቡ፣ ሕጉ በጣም ይለያያል። በእንግሊዝ የመሬቱ ባለቤት ፈቃድ ግድ ነው፤ በ1996ቱ ሕግ «ትሬዠር» (ውድ ጥንታዊ ግኝት) የሚባለውም በ14 ቀን ውስጥ መነገር አለበት። በእስራኤል የ1978ቱ የጥንታዊ ቅርሶች ሕግ ያለ ፈቃድ በሜታል ዲቴክተር ቅርስ መፈለግን በቀጥታ ይከለክላል። ኢትዮጵያ ውስጥ አዋጅ ቁጥር 209/1992 (ዓመቱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር) ቅርስ ለማሰስና ለመቆፈር የመንግሥት ፈቃድ ይጠይቃል፤ በአጋጣሚ የተገኘውንም ማሳወቅ ግዴታ ነው። ለዕረፍት ወደ አገር ቤት ስትሄዱ ዲቴክተሩን ሻንጣ ውስጥ አትጨምሩት። ዓድዋን የመሰለ ቦታ በማንም እጅ እንዲታረስ አንፈልግም።

መገጣጠም

እዚህ ላይ የሚሠራ ስህተት በኋላ «መሣሪያው ተበላሽቷል» ያሰኛል። ኮይሉን፣ ማለትም ጠፍጣፋውን ጭንቅላት፣ ከዘንጉ ጋር የሚያያይዘው ቡሎን ፕላስቲክ ነው። በብረት ቡሎን አትተኩት፤ በመፍቻም አታጥብቁት፣ ይሰነጠቃል። ኮይሉ በእጅ ሲገፋ የሚዘነብል፣ በራሱ ክብደት ግን የማይወድቅ ከሆነ በቂ ነው።

ገመዱን በዘንጉ ዙሪያ ጠበቅ አድርጋችሁ ጠምጥሙ፣ ኮይሉ ዘንድ ግን ለመታጠፍ ትንሽ ላላ ይበል። ገመዱ እየተወዛወዘ ኮይሉን ከነካ መሣሪያው የሌለ ብረት ይሰማል። የዘንጉን ርዝመት የምትለኩት ቀጥ ብላችሁ ቆማችሁ ነው፦ ክርናችሁ የክንድ ማረፊያው ውስጥ ሆኖ፣ ትከሻ ሳይነሳ፣ ወገብ ሳይጎብጥ ኮይሉ መሬቱ ላይ ጠፍጣፋ ማረፍ አለበት። ዘንጉ ካጠረ ከአንድ ሰዓት በኋላ ወገብ ይይዛል፤ ከረዘመ ኮይሉ ከሰውነት ርቆ ክንድ ይዝላል።

አፍንጫው ብረት የሆነ የሥራ ጫማ አታድርጉ፤ ኮይሉ ወደ እግር በቀረበ ቁጥር ይጮኻል። ስልካችሁን ከመሣሪያው በተቃራኒ ኪስ፣ ቢቻል በኤርፕሌን ሞድ አስቀምጡ። የጆሮ ማዳመጫ የግድ ነው። ጥልቅ ዕቃ የሚሰጠው ድምፅ ከሹክሹክታ አይበልጥም፣ በስፒከር ነፋስ ይወስደዋል።

ጠረጴዛ ላይ የሚደረግ ፈተና

ቤት ውስጥ አትሞክሩ፤ ወለሉ ሚስማር፣ ግድግዳው የኤሌክትሪክ ሽቦ ነው። ውጭ፣ ብረት የሌለበት የእንጨት ወይም የፕላስቲክ ጠረጴዛ ላይ መሣሪያውን ኮይሉ ጠርዙን አልፎ እንዲወጣ አስተኙትና ሰዓትና ቀለበታችሁን አውልቁ። እነዚህን አዘጋጁ፦ አንድ ኒክል፣ አንድ ኳርተር፣ አሮጌ የመዳብ ፔኒ (ከ1982 በፊት የተመታ)፣ አዲስ የዚንክ ፔኒ፣ የጣሳ መክፈቻ ቀለበት፣ ቆርኪ፣ የተጨማደደ ፎይል፣ ቀጥ ያለ ሚስማር፣ የጎበጠ ሚስማር፣ የናስ ቁልፍና አንድ እውነተኛ ሚኒዬ ጥይት (የዚያ ጦርነት ሾጣጣ የእርሳስ ጥይት)። ተራ ሚኒዬ ጥይት ከቅርስ ነጋዴ በጥቂት ዶላር ይገዛል፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ከምታወጡት ገንዘብ ከሁሉ የሚጠቅማችሁ ይህ ነው።

ማጣሪያውን (ዲስክሪሚኔሽን፣ ማለትም የተመረጠ ብረት እንዳይሰማ የሚያደርገውን) ሙሉ በሙሉ አጥፉ፣ ሁሉም ብረት ይሰማ። እያንዳንዱን ዕቃ ከኮይሉ 10 ሳንቲ ሜትር ርቀት ላይ በእንጨት ወይም በፕላስቲክ ማንኪያ እያሳለፋችሁ ሦስት ነገር ጻፉ፦ የድምፁ ቅላጼ (ወፍራም፣ መካከለኛ፣ ቀጭን)፣ ስክሪኑ ላይ የሚወጣው መለያ ቁጥርና ቁጥሩ ምን ያህል እንደሚዋዥቅ። ሚዛኑ ከመሣሪያ መሣሪያ ይለያያል። ለምሳሌ ሚንላብ ኢኩዊኖክስ 800 ላይ ቁጥሩ እስከ 40 ሲሆን ኒክል 12 ወይም 13 ይሰጣል፤ ጋሬት ኤቲ ፕሮ ላይ ግን ቁጥሩ እስከ 99 ይሄዳል። ስለዚህ ከሰው የተቀዳ ሠንጠረዥ አይጠቅምም፣ የራሳችሁን ሥሩ።

ሁለት ነገር ወዲያው ይገለጥላችኋል። የመጀመሪያው፣ የጣሳ ቀለበት፣ ትንሽ የናስ ቁልፍና የወርቅ ቀለበት በአንድ ሠፈር ይወድቃሉ፤ እርሳስ ጥይትም ከእነሱ ብዙ አይርቅም። ሳንቲም ፈላጊዎች ቆሻሻ ነው ብለው የሚያጠፉት መካከለኛ ድምፅ ለቅርስ ፈላጊ ዋናው ሀብት ነው። ሁለተኛው፣ የጎበጠ ሚስማርና የዛገ ቆርኪ ይዋሻሉ። ሚስማሩን በአንድ አቅጣጫ ስታሳልፉት ወፍራም የብረት ድምፅ ይሰጣል፣ 90 ዲግሪ ስታዞሩት ግን እንደ ብር ሳንቲም ይዘምራል። ይህን እያዟዟራችሁ ደጋግማችሁ ስሙት። ሜዳ ላይ ከባዶ ጉድጓድ የሚያድናችሁ ይህ ነው።

ጓሮ ውስጥ የሚቀበር የሙከራ መስመር

ጓሯችሁ ውስጥ 4 ሜትር ያህል መስመር ምረጡና መጀመሪያ ያለውን ብረት ሁሉ አውጡ። ከዚያ በ60 ሳንቲ ሜትር ልዩነት ጥይቱን 10 ሳንቲ ሜትር፣ ሌላ ጥይት 20 ሳንቲ ሜትር፣ ቁልፉን 12፣ ኳርተሩን 15፣ ሚስማሩን 10 ላይ ቅበሩ። መጨረሻ ላይ ጥይትና ሚስማር 5 ሳንቲ ሜትር ተራርቀው አንድ ላይ ይቀበሩ። በእንጨት ችካል ምልክት አድርጉ፤ ካርታውንም ወረቀት ላይ ሣሉ፣ ሣር ሲያድግ ይረሳል። ከመቆፈራችሁ በፊት 811 ደውላችሁ የጋዝና የኤሌክትሪክ መስመር አስመርምሩ።

አዲስ የተቆፈረ አፈር ልቅ ስለሆነ ምልክቱ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ደካማ ወይም የተዘበራረቀ ሊሆን ይችላል። ዝናብ ሲያስተኛው ይሻሻላል። መስመሩን ደረቅ ሆኖም፣ ዝናብ ከዘነበ በኋላም ሂዱበት። ማጣሪያውን፣ ሪከቨሪ ስፒዱንና ሴንሲቲቪቲውን (ምን እንደሆኑ ቀጥሎ ይመጣል) አንድ በአንድ እየለወጣችሁ የ20 ሳንቲ ሜትሩ ጥይት የት ላይ እንደሚጠፋ አዳምጡ። ሁለት ቅንብር በአንድ ጊዜ የሚለውጥ ሰው የትኛው እንደጠቀመው ወይም እንደጎዳው አያውቅም።

ቅንብሩ፣ በቅደም ተከተል

መሣሪያው በተነሳ ቁጥር መጀመሪያ የጩኸት ማስወገጃውን (ኖይዝ ካንስል) ኮይሉን አንስታችሁ ሳታንቀሳቅሱት አሠሩት። በአካባቢው ካለ የኤሌክትሪክ መስመርና ከሌላ ዲቴክተር የሚርቅ ቻናል ይመርጣል።

ቀጥሎ ግራውንድ ባላንስ። ቨርጂኒያ ላይ ከሁሉ በላይ የሚያስፈልገው ይህ ነው። ከከልፔፐር ጀምሮ ያለው ቀይ አፈር በብረት ማዕድን የተሞላ ነው፣ ቀይነቱም ከዚያው የመጣ ነው። አፈሩ ራሱ መልስ ስለሚሰጥ መሣሪያው ያንን መልስ ለይቶ መተው አለበት። ብረት የሌለበት ቦታ ፈልጉ፣ የባላንስ ቁልፉን ተጭናችሁ ይዛችሁ ኮይሉን ከመሬት 5 ሳንቲ ሜትር እስከ 25 ሳንቲ ሜትር ቀጥ ባለ መስመር ከፍ ዝቅ አድርጉ። ስትወጡና ስትወርዱ ድምፁ እኩል ሲሆን ልቀቁት። ከሥሩ ሚስማር ካለ ባላንሱ የተሳሳተ ይሆናል፣ ጠቅላላ ቀኑም ይበላሻል፤ ስለዚህ አንድ ሜትር ያህል ራቅ ብላችሁ ደግማችሁ አረጋግጡ። የአፈሩ ቀለም በተለወጠ ቁጥር ወይም ከኮረብታ ወደ ወንዝ ዳር ስትወርዱ እንደገና ይሠራል።

ሴንሲቲቪቲ፣ ማለትም መሣሪያው ምን ያህል ደካማ ምልክት እንደሚሰማ የሚወስነው፣ ሦስተኛ ነው። ጀማሪ ሁሉ እስከ መጨረሻው ይከፍተዋል፤ ጥልቅ ያደርሳል ብሎ። ቀይ አፈር ላይ የሚሆነው ግን ጣርማ በር ላይ ጉም ውስጥ ረጅም መብራት እንደ ማብራት ነው፤ የአፈሩም መልስ አብሮ ይጎላል። መሣሪያው ያለምክንያት መንተባተብ እስኪጀምር ከፍ አድርጉ፣ ከዚያ ሁለት ወይም ሦስት ደረጃ መልሱ። ከ25 ውስጥ 18 ላይ ጸጥ ብሎ የሚሠራ መሣሪያ 25 ላይ ከሚያጉረመርመው ብዙ ጥይት ያገኛል።

ሪከቨሪ ስፒድ ከአንዱ ዕቃ መልስ ወደ ሌላው ምን ያህል ቶሎ እንደሚሸጋገር ይወስናል። ሚስማር በበዛበት የጎጆ ፍራሽ ላይ ከፍ፣ ንጹሕ ሜዳ ላይ ዝቅ አድርጉ። ማጣሪያውን በመጨረሻ፣ ያውም በጥቂቱ ብቻ። የተሻለው ዘዴ ብረቱን፣ እንደ ሚስማር ያለውን፣ ማጥፋት ሳይሆን ለእሱ ወፍራም ድምፅ ሰጥቶ መጠኑን ዝቅ ማድረግ ነው። የሚስማር መንጋ የጎጆ ቦታ ማለት ስለሆነ ብረት የማይሰማ ጆሮ ሰፈሩን ራሱን ያልፈዋል። በከፍተኛ ማዕድን አፈር ላይ ተራ ዲቴክተር ከ15 ሳንቲ ሜትር በታች ያለ ጥይትን «ብረት ነው» ብሎ ሊያነብም ይችላል። በከልፔፐር ልምድ ያላቸው ፈላጊዎች ፐልስ ኢንዳክሽን የሚባለውን ዓይነት የሚይዙት ለዚህ ነው። ለጀማሪ ግን አንመክረውም፤ በጣም ውድ ነው፣ ብረትንም ከሌላው መለየት ላይ ደካማ ነው።

አወዛወዝ

ኮይሉ ከመሬት ከ1 እስከ 3 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ፣ ከዳር እስከ ዳር በአንድ ከፍታ ይሂድ። በየጫፉ እንደ ፔንዱለም ሲነሳ ጥልቀት ይጠፋል፣ ቀይ አፈር ላይም የሐሰት ድምፅ ያመጣል። ከግራ ወደ ቀኝና ተመልሶ ወደ ግራ 3 ወይም 4 ሰከንድ ይበቃል። ደብል ዲ የሚባለው ኮይል በጥልቀት የሚያየው መሐሉ ላይ ባለ ቀጭን መስመር ስለሆነ እያንዳንዱ ውዝዋዜ ቀዳሚውን በግማሽ ይሸፍን። ሜዳውን በሲባጎ ወይም በትናንሽ ባንዲራ ከፋፍላችሁ አንዱን ክፍል ጨርሱ፣ ከዚያ 90 ዲግሪ ዞራችሁ ያንኑ ድገሙት። ከሚስማር ጎን የተኛ ጥይት ከአንዱ አቅጣጫ ተሸፍኖ ከሌላው ይሰማል።

ምልክት ሲመጣ በአጭሩ ወዲያና ወዲህ በሉና ከሁለቱም በኩል ይደገም እንደሆነ ስሙ። ከዚያ ዙሩበት። ጥይት ድቡልቡልና ጥቅጥቅ ያለ ስለሆነ ከየትም ብትመጡ ድምፁ ሙሉና ያልተቆራረጠ ነው፣ ቁጥሩም ከሁለትና ሦስት አይበልጥም የሚዋዥቀው። ሚስማር ሲዞሩበት ይሰበራል ወይም ቦታውን ይቀይራል። ኮይሉን 30 ሳንቲ ሜትር አንስታችሁም ከጮኸ ትልቅ ነገር ነው፤ የማረሻ ብረት፣ ቆርቆሮ፣ ወይም የመድፍ ጥይት። ጥርጣሬ ካላችሁ ቆፍሩ። በመጀመሪያዎቹ ወራት ቆሻሻውንም ሳትቆፍሩ ጆሮ አይሠለጥንም።

ቦታውን መለየትና መቆፈር

በመስቀለኛ አወዛውዛችሁ ሁለቱ መስመሮች የሚገናኙበትን ያዙ። ደብል ዲ ላይ የሚሠራ ፈጣን ዘዴ አለ፦ ኮይሉን በአጫጭሩ እያወዛወዛችሁ ወደ ራሳችሁ ሳቡት፣ ድምፁ ድንገት ሲቆም ዕቃው ከኮይሉ የፊት ጫፍ ሥር ነው።

ሣር ባለበት ቦታ ዕቃው ላይ በቀጥታ አካፋ አትጫኑ። ከመሐሉ 10 ሳንቲ ሜትር ያህል ርቃችሁ ሦስት ጎን ብቻ ቁረጡ፣ አራተኛው እንደ ማጠፊያ ይቅር፤ ሣሩም ከነሥሩና ከ10–12 ሳንቲ ሜትር አፈሩ ጋር ይገልበጥ። ልቅ አፈሩ ፎጣ ላይ ይውጣ። በትንሹ የእጅ መጠቆሚያ (ፒንፖይንተር) ጉድጓዱንም፣ የተገለበጠውን ሣር ሥርም፣ ፎጣውንም ፈትሹ፤ ብዙ ቁልፍ የሚጠፋው ፎጣው ላይ ነው። ፒንፖይንተሩን ከዕቃው ርቃችሁ አብሩት፣ ሲበራ አጠገቡ ያለውን ብረት እንደ ዜሮ ሊቆጥር ይችላል። ዕቃው ከወጣ በኋላ ጉድጓዱን በኮይል ዳግም እለፉበት፣ ከዚያ አፈሩን መልሳችሁ በእግር ደምድሙ። በሐምሌና ነሐሴ ድርቅ የተቆረጠ ሣር ይሞታል፣ የባለቤቱም ፈቃድ አብሮ ይሞታል፤ ያን ጊዜ ሣሩን ተዉት። የእርሻ ማሳ ምርት ከተነሳ በኋላና ከመዘራቱ በፊት ነው የሚገባበት። ሱሪያችሁን ካልሲ ውስጥ አስገቡ፣ የቨርጂኒያ መዥገር ላይም የተባለ በሽታ ያስተላልፋል።

ቆም የሚያሰኙ ሁለት ግኝቶች

ከጉድጓዱ ክብ ወይም ሾጣጣ የብረት አረር ብቅ ካለ ሥራው እዚያ ላይ ይቆማል። ብዙዎቹ የዚያ ዘመን የመድፍ ጥይቶች ውስጣቸው ባዶ ሆኖ ባሩድ የተሞላ ነበር፤ ከ140 ዓመት በላይ መሬት ውስጥ መቆየቱ አያከሽፈውም። በ2008 ቼስተር፣ ቨርጂኒያ ውስጥ ልምድ ያለው ሰብሳቢ እንዲህ ያለ ጥይት ሲያጸዳ ፈንድቶ ገድሎታል። አትንቀሉት፣ አትምቱት፣ መኪና ውስጥም አትጫኑት። ቦታውን ምልክት አድርጋችሁ ራቁና 911 ደውሉ።

የሰው አጥንት ወይም የሬሳ ሣጥን ምልክት ካያችሁም እንዲሁ፤ ነገሩን ሳትነኩ ለፖሊስ አሳውቁ። የቨርጂኒያ ሕግ መቃብርን በግል መሬትም ላይ ይጠብቃል።

ማጽዳትና መመዝገብ

እርሳስ ላይ የሚታየው ነጭ ሽፋን ጥይቱን የሚጠብቀው ነው፤ አትፋቁት። በውኃና በለስላሳ የጥርስ ብሩሽ ብቻ እጠቡት፣ እጃችሁንም ሳትታጠቡ እህል አትንኩ፣ እርሳስ መርዝ ነው። ንስር ያለበትን የናስ ቁልፍ ሜዳ ላይ በጣት አትሹት። የወርቅ ቅቡ ከአፈሩ ጋር ይነሳል። እንደ ወጣ ለስላሳ ነገር ባለበት ትንሽ ዕቃ ውስጥ አስቀምጡት፣ ቤት ደርቆ በስቴኪኒ አፈሩን እየፈቀፈቃችሁ አንሱ። የናስ ማጽጃ ፈሳሽ ፈጽሞ አይነካው።

እያንዳንዱ ዕቃ ለብቻው ፌስታል ውስጥ ይግባ፤ ቀኑ፣ ጥልቀቱና ስልካችሁ የሰጠው የጂፒኤስ ነጥብ ይጻፍበት። ጥይቶቹን ስታጥቧቸው ሁለት ዓይነት ታያላችሁ፦ ያልተተኮሰውና ቅርጹ ያልተለወጠው፣ እንዲሁም የጠመንጃው ቡርቡር ምልክት ያለበት ወይም የተጨፈለቀው። ያልተተኮሰ የሚበዛበት ቦታ ሰፈር ወይም ወታደሩ እያጎረሰ የወደቀበት የተኩስ መስመር ነው፤ የተተኮሰ የሚበዛበት ጥይቱ ያረፈበት ነው። ሦስት ቀለበት ያለው አብዛኛው ጊዜ .58 ካሊበር የሰሜኑ ሚኒዬ ነው፤ ጎኑ ልሙጥ የሆነው ለእንግሊዙ ኤንፊልድ ጠመንጃ የተሠራ .577 ሲሆን ሁለት ቀለበት ያለው ጋርድነር ደግሞ የደቡቡ ነው። ነጥቦቹን ካርታ ላይ ስታሰፍሩና ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ካሉት የደቡቡ ጦር ካርታ ሠሪ የጄደዳያ ሆችኪስ የጦር ካርታዎች ጋር ስታስተያዩ፣ ማን ከየት እንደቆመና ወዴት እንደተኮሰ መታየት ይጀምራል። የዚህን ቅጂ ለመሬቱ ባለቤትም ስጡት፤ ማሳው ላይ ምን እንደሆነ የማወቅ የመጀመሪያው መብት የእሱ ነው።